የአምፕ መግዣ ብሬን ስፒከሩ ላይ ለምን አዋልኩት

አዲስ አበባ ተቀምጦ የጊታር አምፕ (የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) የሚመርጥ ሰው ከድምፁ በፊት የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ማን ያመጣልኛል? ከየት አገር? ስንት ኪሎ ነው? የእኛን መብራት ይችላል? ቢበላሽ ማን ይሠራዋል? ዩቲዩብ ላይ አምፕ ከአምፕ የሚያወዳድሩት ሰዎች ይህን አያነሱም፤ እነሱ ያዘዙት ዕቃ በጥቂት ቀን ውስጥ በራቸው ላይ ይደርስላቸዋል። እኔ አምፕ ልቀይር ስነሳ ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ ግን እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ነው። አሁን የምጫወትበት ዕቃ ርካሽ ከሚባል የቻይና ብራንድ የተገዛ ነው፤ በድምፁም ከልቤ ደስተኛ ነኝ። ልምምድ ቦታ መጥተው የሚሰሙት ልጆች «ይሄ ምንድነው? ከየት አመጣኸው?» ስለሚሉኝ፣ እንዴት እንደመረጥኩት በዝርዝር ልጻፈው።

ጊታሬ ያማሃ ፓሲፊካ 112 ነው። ባንዳችን ትንሽ ናት፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ክራር፣ እኔና ሁለት ድምፃውያን። የምንለማመደው ኮተቤ፣ አንድ ጓደኛችን ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ክፍል ነው። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ወይም የሆቴል ሥራ ሲገኝ እንሠራለን። ለዓመታት የያዝኳት አምፕ ባለ10 ዋት፣ ስፒከሯ ስድስት ኢንች የሆነ የጀማሪ ዕቃ ነበረች። መኝታ ቤት ውስጥ ጣት ለማፍታታት ትበቃለች። ድራመሩ ሲጀምር ግን ቮልዩሙን እስከ ጥግ ብወስደውም የሚሰማው የቀጫጭኖቹ ክሮች ጩኸት ብቻ ነው። ወፍራሞቹ ክሮች ይጠፋሉ፤ አጥብቄ ስመታቸው ደግሞ ድምፁ ይሰነጠቃል። ክራሩ ከእኔ ጎልቶ ይወጣል፤ ኪቦርዱ የእኔን ቦታ ይሞላዋል። ሊድ (ጊታሩ ዜማውን የሚመራበትን) የምጫወትበት ክፍል ሲደርስ ሁሉም ዝቅ እንዲልልኝ መለመን ነበረብኝ።

የእኛን ሙዚቃ ለሚጫወት ጊታሪስት ትልቁ ጉዳይ የድምፁ ንጽሕና ነው ብዬ አምናለሁ። የአይቤክስንና የሮሃ ባንድን ቅጂዎች የሰማ ሰው የሰላም ስዩምን ጊታር ያውቀዋል። እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ይለያል፤ ከድምፃዊው ሥር ሥሩን ይሄዳል፤ ክፍተት ሲያገኝ ይመልሳል። እንዲህ ዓይነቱ አጨዋወት ድምፁን የሚያደፈርስ አምፕ አይወድም። ምክንያቱ ቅኝቶቻችን ውስጥ አለ። አምባሰልን ከሲ ብንጀምር ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሆናል። ሲና ዲ ፍላት ጎረቤት ናቸው፤ ጂና ኤ ፍላትም እንዲሁ። አንዱ ክር ገና እየጮኸ ሌላው ሲመታ፣ አምፑ ትንሽ እንኳ ከተጨናነቀ፣ ሁለቱ ኖታዎች ተደባልቀው ማንም ያልጠራው ሦስተኛ ድምፅ ይወልዳሉ። ሮክ የሚጫወት ሰው ኦቨርድራይቭ (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክረውን) ከፍቶ ሲና ጂን አንድ ላይ ቢመታ ያምርለታል፤ ሁለቱ ኖታዎች የሚስማሙ ናቸውና። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ይህ ነገር ዜማውን ያበላሸዋል። ችክችካ ስንመታም ያው ነው፤ እጅ ክሩን አፍኖ ለቀቅ ሲያደርግ የሚወጣው ምት ቶሎ መጥቶ ቶሎ ካልሄደ ከድራሙ ጋር ይጋጫል።

ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ወሰንኩ። መቶ ዓይነት ድምፅ የሚያስመስል አምፕ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ንጹሕ ድምፅ ነው፤ ድራም ባለበት ክፍል ውስጥ ሳይሰነጠቅ የሚወጣ። ይህን ስወስን ዝርዝሩ በግማሽ አጠረልኝ።

ቀጥሎ የዋት ነገር አለ። ባለ10 ዋት የነበረው ሰው ባለ20 ሲያይ እጥፍ የሚጮህ ይመስለዋል፤ ጆሮ ግን እንደዚያ አይሠራም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ነው፤ መለየቱ ይለያል፣ ግን ብዙ አይባልም። ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በሌላ በኩል የስፒከር አምራቾች ዕቃቸው በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይጽፋሉ። ሴለስቲየን ከተባለው ኩባንያ ስፒከሮች ሴቨንቲ 80 የተጻፈለት 98 ነው፤ የዚያው ኩባንያ ቪንቴጅ 30 ደግሞ 100። በአንድ ደካማና በአንድ ጎበዝ ስፒከር መካከል የ3 ዴሲቤል ልዩነት ካለ፣ ስፒከሩን ብቻ መቀየር የአምፑን ዋት እጥፍ ከማድረግ እኩል ነው ማለት ነው። የሱቅ ሻጭ ይህን አይነግራችሁም። ሳጥኑ ፊት ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋቱ ነው።

ስፋቱም አለ። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ አካባቢ (በሰከንድ 82 ጊዜ ገደማ እየተንቀጠቀጠ) ይጮሃል። ስድስት ኢንች ስፒከር በትንሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ያንን አየር ለመግፋት አቅም የለውም፤ የምንሰማው የኖታውን የላይኛውን ጥላ ብቻ ነው። የእኔ ወፍራም ክሮች ይጠፉ የነበረው ለዚህ ነው። 12 ኢንች ላይ ግን ክሩ ደረት ላይ ይሰማል። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ጥያቄው «የትኛውን አምፕ ልግዛ» መሆኑ ቀረና «ባለችኝ ብር ጥሩ 12 ኢንች ስፒከር የማገኘው በየት በኩል ነው» ሆነ።

ያለኝ ገንዘብ በዶላር ሲታሰብ 250 አካባቢ ነበር። ንጹሕ ድምፅ ከተባለ የሁሉም አባት ሮላንድ ጄሲ 120 ነው፤ ከ1975 ጀምሮ የሚሠራ፣ ሁለት 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ብዙ መድረክ ላይ የምታዩት። 28 ኪሎ ይመዝናል። ዋጋውን ትቼ፣ አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ በሚፈቀድበት አውሮፕላን ማን ተሸክሞ ያመጣልኛል? ተሰናበትኩት።

እህቴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ነው የምትኖረው። ለገና እንደምትመጣ ስትነግረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ቦስ ካታና 50 ነበር። 12 ኢንች ስፒከር አለው፤ ኃይሉን ወደ ግማሽ ዋት ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ክብደቱ ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል፤ ንጹሕ ድምፁም ደህና ነው። ሰው ሁሉ የሚመክረው በከንቱ አይደለም። ችግሩ መብራታችን ነው። አሜሪካ 120 ቮልት በ60 ኸርዝ፣ እኛ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ። እዚያ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ለእነሱ መብራት የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ገዝቶ በመካከል ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ ብቻ ተብሎ የተጠመጠመ የአምፕ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ከወትሮው ይሞቃል። በዚያ ላይ ትራንስፎርመሩ ራሱ ከባድ ነው፤ በየሥራው ቦታ መሸከም አለ፤ አንድ ቀን መርሳት አለ። አንድ የማውቀው ጊታሪስት የሠርግ ድንኳን ውስጥ ዕቃ የሚያዘጋጀው ልጅ ከአሜሪካ የመጣ አምፑን በቀጥታ ዲቫይደሩ ላይ ሰካበት። ሽታው ከመምጣቱ በፊት ድምፁ ጠፋ። በዚያ ምሽት ጊታሩን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰክቶ ተጫወተ፤ አምፑ እስካሁን አልተነሳም። የራሴ እጅ ብቻ በማይነካው ዕቃ ላይ ያን ያህል ገንዘብ ማዋል ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሬን በዕቃው ስም ሳይሆን በአገሩ መብራት ማየት ጀመርኩ። አውሮፓ 230 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው፤ ስፒናውም አብዛኛው ሶኬታችን ላይ ይገባል። ዱባይም 230 በ50 ነው፤ ስፒናው ብቻ የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ መቀየር አለበት። ቻይና 220 በ50፣ ልክ እንደኛ። አሜሪካ ያለ ዘመድ ብዙ ነገር ሊያመጣልን ይችላል፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ አምፕ ግን ከአውሮፓ፣ ከዱባይ ወይም ከቻይና ቢመጣ ይሻላል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ ብል ይህን ነው የምላችሁ።

በአውሮፓ በኩል ሁለት ነገር አየሁ። አንዱ ቡጌራ ቪ22 ነው። ቡጌራ የቤሪንገር እህት ብራንድ ነው፤ ቪ22 የቫኪዩም ቱቦ (ድምፅ የሚያጎላ፣ አየር የወጣለት የመስታወት ዕቃ) ያለው፣ ኢኤል84 የሚባለውን ቱቦ ሁለት፣ 12ኤኤክስ7 የሚባለውን ሦስት የሚይዝ፣ 22 ዋት አምፕ። የቱቦ 22 ዋት ከድራም ጋር በደንብ ይሰማል፤ የድምፁም ሙቀት ልብ ይነካል። ግን ቱቦ ያልቃል፤ ሲያልቅ የሚተካ እዚህ ከተማ ውስጥ ጠይቄ ያገኘሁበት ሱቅ የለም። መብራታችን ደግሞ ማታ ማታ ከፍ ዝቅ ይላል። ቮልቱ ሲወጣ ቱቦው ውስጥ ያለው ቮልትም አብሮ ይወጣል፤ ዕድሜው ያጥራል። ስታቢላይዘር ይዞ የሚዞር ባንድ አለ፤ የእኛ ግን በላዳ ነው የምትንቀሳቀሰው። ሁለተኛው ሃርሊ ቤንተን ነው፤ ቶማን የተባለው የጀርመን ትልቅ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ የራሱ ርካሽ ብራንድ። ጂ112 ቪንቴጅ የሚሉት ሳጥን ውስጡ ቪንቴጅ 30 ስፒከር አለው፤ ለዋጋው ግሩም ነው። ፍራንክፈርት ያለው የአጎቴ ልጅ ግን ሳጥኑን በምን ሻንጣ ያስገባዋል? ባዶ እንጨት ለማጓጓዝ የአውሮፕላን ኪሎ መክፈል ነው። ሐሳቡ የመጣልኝ እዚህ ላይ ነው፤ እንጨቱ እኮ እዚህ አለ።

አምፕ ማለት ሦስት ነገር ነው። ድምፁን የሚያጎላው ኤሌክትሮኒክስ፣ ስፒከሩና ሳጥኑ። ሦስቱ ተሰብስበው ሲሸጡ ኮምቦ ይባላል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ብቻውን ሲሸጥ ሄድ። ለየብቻ ከገዛሁ እያንዳንዱን ከሚመቸው ቦታ ማምጣት እችላለሁ። ስፒከር ሶኬት ላይ አይሰካም፤ ስለዚህ ከአሜሪካ ቢመጣ ችግር የለበትም። ሳጥኑን አናጺ ይሠራዋል። ሄዱ ትንሽና ለእኛ መብራት የሚሆን ከሆነ አለቀ።

ለሄዱ የመረጥኩት የጆዮን ባንትአምፕ ብሉጄይ ነው። ጆዮ የሼንዘን ኩባንያ ነው፤ ጊታሪስቶች በርካሽ ፔዳሎቹ (በእግር እየተረገጡ ድምፅ የሚለውጡ ዕቃዎች) ያውቁታል። ባንትአምፕ የሚባሉት ተከታታይ ሄዶቹ 20 ዋት ናቸው፤ መግቢያው ላይ አንድ 12ኤኤክስ7 ቱቦ አለ፤ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ግን ትራንዚስተር ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ታዋቂ አምፕ ያስታውሳሉ፤ ብሉጄይ ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራቸውን የድሮ ባለጥቁር ፊት አምፖች ይከተላል፤ እኔ የምፈልገው ንጹሕ ድምፅ ያለውም እዚያ ነው። ክብደቱ ወደ 1.2 ኪሎ ነው፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ከሁሉ የወደድኩለት ደግሞ በ18 ቮልት አዳፕተር መሥራቱ ነው። አዳፕተሩ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ለብቻው ነው፤ ቢቃጠል አዳፕተሩ ይቀየራል፣ አምፑ ይተርፋል። መብራት ሲጠፋም ትንሽ ኢንቨርተር ይሸከመዋል። ጎረቤታችን የልብስ ነጋዴ ናት፤ ጓንጁ ትመላለሳለች። «እቴ፣ አንቺ ሻንጣ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ ዕቃ ላስቸግርሽ ነው» ስላት «ጊታርህ ከሆነ አልችልም፣ ጫማ ካከለ ግን ይምጣ» አለችኝ። 150 ዶላር ገደማ ወጣበት።

እህቴን ደግሞ ስፒከሩን ብቻ ለመንኳት። ሴለስቲየን ሴቨንቲ 80፣ 12 ኢንች፣ 8 ኦም (ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን)፣ 80 ዋት የሚችል። ሴለስቲየን በ1924 የተመሠረተ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፤ ሴቨንቲ 80 ከስፒከሮቹ ሁሉ ርካሹ ጎራ ውስጥ ነው፤ በየርካሹ ኮምቦ ውስጥ የምታገኙትም ለዚያ ነው። አንዳንድ ሰው የላይኛው ድምፁ ስለታም ነው ብሎ አይወደውም። ለሮክ እውነት ሊሆን ይችላል። ለክራር ጎን ለሚቆም ጊታር ግን ያ ስለት ያስፈልጋል። «ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ያስመጣኸኝ ለአንድ ስፒከር ነው?» አለችኝ እህቴ ልብሷን ከላዩ ላይ እየገለጠች። በሹራቦቿ መካከል አድርጋ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ጭረት እንኳ ሳይኖር አመጣችልኝ።

ሳጥኑን የሠሩልኝ ሰፈራችን ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠሩ ጋሼ ናቸው። ስዕሉን ሳሳያቸው ወዲያው የጠየቁኝ «በሩ የት ነው?» ብለው ነው። ስፒከሩን አምጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ ነገሩ ገባቸው። ከወርድ 50፣ ከቁመት 45፣ ከጥልቀት 28 ሴንቲ። ቺፑድ ይርከስልህ ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ ቺፑድ ይከብዳል፣ ብሎን እየላላ ይሄዳል፣ እርጥበት ሲነካው ጠርዙ ይፈረካከሳል። ባለ18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ወሰድን። ማዕዘኖቹን በሚስማር ብቻ ከማያያዝ ይልቅ ጥርስ አውጥተው በኮላ ገጠሙልኝ፤ ይህን እኔ አልነገርኳቸውም፤ «የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ከሆነ ሚስማር ይተፋዋል» ብለው ራሳቸው ናቸው የወሰኑት።

የስፒከሩ ቀዳዳ 283 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ አምራቹ የጻፈው ልክ ነው። ጋሼ መካከሉ ላይ ሚስማር መቱ፤ በክር ላይ እርሳስ አስረው አንዴ ዞሩት፤ ሰፍረው ሁለት ሚሊ ስለበለጠባቸው አጥፍተው እንደገና ዞሩ። ከዚያ በጂግሶው ቀስ እያሉ ቆረጡ። ቆርጠው ሲጨርሱ ሳጥኑን በጣታቸው አንጓ አንኳኳን። ጎኖቹ ጠንካራ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣሉ፤ ጀርባው ላይ ግን ባዶ ጉርጓድ ድምፅ ነበረው። በውስጥ በኩል አንድ አጣና የሚያህል ድጋፍ አስገቡበትና ዝም አለ። ጀርባውን ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጉት ነገርኳቸው። ጀርባው የተዘጋ ሳጥን ባሱን ያጠብቀዋል፤ ድምፁን ግን ወደ ፊት ብቻ ይወረውራል። ጀርባው ክፍት የሆነ በክፍሉ ውስጥ ይሰራጫል፤ ከጎኔ የቆመው ክራር ተጫዋችም ይሰማኛል። ሲሶው ክፍት ሆኖ ቀረ። ለፊቱ ጨርቅ የቡና ጆንያ ተጠቀምን፤ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ድምፅ አያፍንም፤ አጥበን አድርቀን ወጥረን መታነው። በጣም ያምራል።

ስፒከሩን ስትገጥሙ ብሎኖቹን በተራ አታጥብቁ። አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ በተቃራኒው ያለውን፣ እያፈራረቃችሁ። አንዱ ጎን ቀድሞ ከጠበቀ ክፈፉ ሊጣመም ይችላል፤ ሲጣመም ጥቅልሉ ማግኔቱን ይነካና ይቧጭራል። ከስፒከሩ እስከ ጃኩ ያለውን ሽቦ በስታኞ በየድኩት፤ ሽቦው ተራ ባለሁለት ገመድ የስፒከር ሽቦ ነው። ከሄዱ ወደ ሳጥኑ የሚሄደውም እንዲሁ የስፒከር ገመድ ይሁን፤ የጊታር ገመድ ቢመስልም ውስጡ ያለው ሽቦ ቀጭን ነው፣ ኃይል ለመሸከም አልተሠራም። የኦሙ ነገርም አለ። ሄዱ 8 ኦም ይላል፣ ስፒከሩም 8 ኦም። ለትራንዚስተር አምፕ ከተጻፈው በላይ ኦም ማድረግ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አይጎዳውም፤ ከተጻፈው በታች ማድረግ ግን ያቃጥለዋል። የኃይል ክፍሉ ቱቦ የሆነ አምፕ ያላችሁ ደግሞ ስፒከር ሳይሰካ በፍጹም አታብሩት።

በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ሄዱን ሳጥኑ ላይ አስቀምጬ ንጹሕ ቻናሉን ከፈትኩ፤ ጌይኑ ሩብ ላይ፣ ቶኑ መካከል፣ ቮልዩሙ ግማሽ ላይ። የጊታሬን የአንገት ፒክአፕ (በአንገቱ በኩል ያለውን የክር ድምፅ ተቀባይ) ይዤ ባቲ ጀመርኩ። ወፍራሙ ክር መጣ። ቤዝ ተጫዋቹ ቀና ብሎ አየኝና የራሱን ትንሽ ቀነሰ፤ ቦታ ለቀቀልኝ። ድራሙ ገብቶም ኖታዎቹ ሲለዩ ይሰማኝ ነበር። አምባሰል ላይ እነዚያን ሁለት ጎረቤት ኖታዎች አንድ ላይ ይዤ ቆየሁ፤ የሚንቀጠቀጠው የራሳቸው ልዩነት ብቻ ነው፤ አምፑ ምንም አልጨመረበትም።

20 ዋት ለትልቅ መድረክ ይበቃል ወይ ለሚለው፣ ብቻውን አይበቃም። ሠርግ ላይ ግን ሕዝቡ የሚሰማው በሞንታርቦው ነው። ማይክ ስፒከሩ ፊት ይቀመጣል፤ ሹር ኤስኤም57 ካገኛችሁ ከ1965 ጀምሮ ለዚህ ሥራ የታመነ ነው። የስፒከሩን መሃል ቀጥ ብላችሁ ብታነጣጥሩት ድምፁ ስለታም ይሆናል፤ ጥቂት ጣት ወደ ጎን ስታሸሹት ይለዝባል። የእኔ አምፕ ሥራ ለእኔና ለአጠገቤ ላሉት ማሰማት፣ ለማይኩ ደግሞ ያማረ ድምፅ መስጠት ነው። ድምፁ አስቀድሞ ከስፒከሩ ካማረ ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ብዙ አይቸገርም። በፊት ጊታሬን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰኩት ያንን ደረቅ፣ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ያመጣ የነበረው የጊታር ስፒከር በመካከል ስላልነበረ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ያስቀራል፤ ድምፁን የጊታር ድምፅ የሚያደርገው አንዱ ነገር ይህ ነው።

የሚጎድለውን አልደብቅም። ባስ፣ ሚድ፣ ትሬብል የሚባል የለውም፤ አንድ የቶን ቁልፍ ብቻ ነው። እኔን አላስቸገረኝም፤ የጊታሬ የቶን ቁልፍ ቀሪውን ይሠራል። ሌላ ጊታር ያለው ሰው፣ በተለይ ድምፁ ከበድ የሚል ሃምባከር (ባለሁለት ጥቅልል ፒክአፕ) ብቻ ያለው፣ ቁልፉ ሊያንሰው ይችላልና ሳይሞክር አይግዛ። ልጆቻችሁ ጀማሪ ከሆኑና ቤት ውስጥ ብቻ የሚለማመዱ ከሆነም ይህን ሁሉ አትድከሙ፤ አንድ ኮምቦ ከዱባይ ቢመጣላቸው ይበቃል።

ሪቨርብም (ድምፁን አዳራሽ ውስጥ እንዳለ የሚያስተጋባው) የለውም፤ ትዝታ ደግሞ ያለ ሪቨርብ ይደርቃል፤ ኖታው ከተመታ በኋላ የሚቆይበት ቦታ ያጣል። ለጊዜው ከጀርባው ባለው የኢፌክት ሉፕ (የፔዳል መሰኪያ) የጓደኛዬን ዲሌይ (ድምፁን የሚደጋግም) ፔዳል ሰክቼ፣ ድግግሞሹን አሳጥሬ እጠቀማለሁ። አሁን ሁለት ርካሽ የሪቨርብ ፔዳሎች መካከል ነኝ፤ የቤሪንገር ዲአር600 እና የቲሲ ኤሌክትሮኒክ ስካይሰርፈር። የመጀመሪያው ብዙ የሪቨርብ ዓይነት አለው፤ አካሉ ግን ፕላስቲክ ነው፤ ሠርግ ላይ ደግሞ እንግዳ እየጨፈረ ይረግጣል። ስለዚህ ልቤ ወደ ስካይሰርፈር ያዘነብላል። ጎረቤታችን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ጓንጁ ትሄዳለች። ከእናንተ መካከል ሁለቱንም በ12 ኢንች ስፒከር ሰምቶ የሚያውቅ ካለ እስከዚያው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።